ወንበሩ ሥር ያለው ሞተር፦ ለጉዞ የታደሰ አሮጌ ሃይኤስ ግምገማ

ለግምገማ የማቀርበው መኪና ቶዮታ ሃይኤስ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1989 እስከ 2004 የተመረተው አራተኛው ትውልድ፣ 3ኤል የተባለው የናፍታ ሞተር የተገጠመለት፣ በመጀመሪያ ዕቃ ለማመላለስ የተሠራው ረጅሙና ጣሪያው ከፍ ያለው ዓይነት። ከገዛሁት ሦስት ዓመት ሆኖኛል። በእነዚህ ዓመታት ከፊሉን ሥራ በገዛ እጄ ሠርቼ፣ ከፊሉን በመካኒክና በበያጅ አሠርቼ፣ የሚታደርበት፣ የሚበሰልበትና ረጅም መንገድ የሚኬድበት መኪና አድርጌዋለሁ። ስለዚህ የምመዝነው መኪናውንም በላዩ ላይ የተጨመሩትን ዕቃዎችና የተሠሩትን ሥራዎችም ነው። የምመዝንበት ጥያቄ ግን አንድ ነው፦ የተጨመረው ነገር የሚቀጥለውን ጥገና ያቀልላል ወይስ መንገድ ይዘጋበታል? አሮጌ መኪና ዛሬ አንድ ቦታው ተጠግኖ ነገ ሌላ ቦታው መከፈቱ ስለማይቀር፣ ወደ ብልሽቱ የሚያደርሰውን መንገድ የሚዘጋ ጌጥ ሁሉ በእኔ ሂሳብ እንደ ጉዳት የሚቆጠር ነው።

ይህን ሚዛን ያስያዘኝ የመጀመሪያው አልጋዬ ነው። ከወፍራም ፕላይውድ ተቆርጦ፣ ሥሩ በመሳቢያና በውሃ ታንከር ተሞልቶ፣ ከወለሉና ከግድግዳው ጋር በሙጫና በብሎን ተያይዞ ሲያልቅ፣ ያየው ሁሉ የሚያደንቀው ሥራ ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ወደ ኋላ መብራት የሚሄደው ገመድ ከጎን ላሜራው ውስጥ ተልጦ ፊውዝ ማቃጠል ጀመረ። ገመዱን መጠገኑ አሥር ደቂቃ ብቻ ሲጠይቅ፣ ወደ ገመዱ መድረሱ ሁለት ቀን ፈጀብኝ፤ አልጋውም በመጋዝ እየተቆረጠ ወጣ። ሁለተኛውን አልጋ የሠራሁት ከቀላል የአሉሚኒየም ቋሚና አግዳሚ ሲሆን፣ ወለሉ ላይ ቀድሞውኑ ጥርስ ወጥቶላቸው ከነበሩት ቀዳዳዎች ጋር በስምንት ብሎን ብቻ ታስሯል። የጃፓን መኪና በብዛት የሚፈታው በ10፣ በ12 እና በ14 ቁጥር ቁልፍ ስለሆነ፣ የአልጋዬንም ብሎኖች ራሳቸው 12 ቁጥር እንዲሆኑ አድርጌአለሁ፤ ተራ ነገር ቢመስልም፣ ጨለማ ውስጥ የእጅ ባትሪ በጥርሱ ነክሶ ሌላ ቁልፍ የፈለገ ሰው ይረዳኛል። ይህ አልጋ እንደ ፊተኛው አያምርም፤ በሩብ ሰዓት ውስጥ ግን ሙሉ በሙሉ ይወጣል።

ወደ መኪናው ልምጣ። 3ኤል ባለ አራት ሲሊንደር፣ 2779 ሲሲ፣ ተርቦ (አየር በግፊት የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው፣ የናፍታ ፓምፑም በኮምፒውተር ሳይሆን በራሱ ሜካኒካዊ አሠራር የሚመራ ሞተር ነው። ጉልበቱ 90 ፈረስ ገደማ በመሆኑ ዳገት ላይ ቀድሞ ማለፍን የሚሻ ሰው ከወዲሁ ሐሳቡን ይለውጥ። ሞተሩ የተቀመጠው ከፊት ወንበሮች ሥር ነው፤ የዚህ መኪና ጥቅምም ችግርም ከዚህ አንድ ውሳኔ ይመነጫል። አፍንጫው አጭር በመሆኑ ከሹፌሩ ጀርባ ያለው ርዝመት በሙሉ ለመኝታና ለዕቃ ይተርፋል። በአንጻሩ ሙቀቱና ድምፁ በቀጥታ ወደ ተቀማጩ ይመጣሉ፤ ዘይት ለማየትም ሆነ ቺንጋ የተባለውን የጎማ ቀበቶ ለማጥበቅ ወንበር መነሳት አለበት። በወንበሮቹ መካከል ማቀዝቀዣ ወይም ሣጥን ያስገጠሙ ሰዎች አይቻለሁ፤ ዘይት ማየት ከባድ ሲሆን ሰው ማየቱን ይተዋል፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ደግሞ ይታወቃል።

የጥገና ታሪኩ ያልታወቀ መኪና የገዛ ሰው ከምንም በፊት የቫልቮቹንና የፒስተኖቹን እንቅስቃሴ የሚያስማማውን የታይሚንግ ቺንጋ ከነወጣሪው ይቀይር። በዚህ ሞተር ላይ ቺንጋው ከተበጠሰ ቫልቮቹና ፒስተኖቹ ስለሚጋጩ፣ ርካሹ ጎማ ውዱን ሞተር ይዞት ይሄዳል። በየ100 ሺህ ኪሎ ሜትሩ መቀየር የተለመደ ነው፤ የርቀት መቁጠሪያውን የሚያምን ሰው ካለ ማለቴ ነው።

ይሁን እንጂ ይህን ሞተር ከሁሉ በላይ የሚገድለው ሙቀት ነው፤ ጊዜዬንም በብዛት የወሰደው እሱን መከላከል ነበር። ከመጠን በላይ ሲሞቅ መጀመሪያ ጓርኒሲዮኑ (በሞተሩ ክፍሎች መካከል ያለው ማሸጊያ) ይሄዳል፣ ቀጥሎም ቴስታታው (ቫልቮቹ ያሉበት የሞተሩ የላይኛው ክፍል) በቫልቮቹ መካከል ይሰነጠቃል። የገዛሁት መኪና ራዲያተር ግማሹ በዝቃጭ የተደፈነ ሲሆን፣ የቀድሞው ባለቤት ተራ ውሃ ሲሞላበት እንደኖረ ቀለሙ ይመሰክር ነበር። ራዲያተሩን፣ ቴርሞስታቱን፣ ማኒኮቶ የምንላቸውን የውሃ ጎማዎች በሙሉና የራዲያተሩን ክዳን በአንድ ጊዜ ቀየርኩ። ክዳኑን ብዙ ሰው ይንቀዋል፤ ነገር ግን በውስጡ ያለው ሞሎ (ጥምዝ የብረት ሽቦ) ግፊት እየያዘ ውሃው የሚፈላበትን ሙቀት ከ100 ዲግሪ በላይ ከፍ የሚያደርገው እሱ በመሆኑ፣ የላላ ክዳን ጥሩውን ራዲያተር ዋጋ ያሳጣዋል። አንቱፍሪዝም ለቅዝቃዜ ብቻ ተብሎ የሚተው አይደለም፤ ዝገትን ስለሚከላከልና የመፍያውን ነጥብ ስለሚያሳድግ፣ ውርጭ በማያውቅ አገርም ከተጣራ ውሃ ጋር እኩል ለእኩል ተቀላቅሎ ሊገባ ይገባል።

በዚህ ሁሉ መካከል የገዛሁትና ያለ ምንም ማቅማማት የማመሰግነው ዕቃ ትንሿ የውሃ ማነስ ማስጠንቀቂያ ናት። ከላይኛው ማኒኮቶ ላይ በብረት መገጣጠሚያ የምትገባ አንዲት ዘንግና ዳሽቦርድ ሥር የምትጮህ ፊሽካ ናት፤ ሌላ ምንም የላትም። ጥቅሟን ለመረዳት የሙቀት መለኪያው እንዴት እንደሚያታልል ማወቅ ያስፈልጋል። የመለኪያው ስሜት ተቀባይ በውሃ ውስጥ ሲዘፈቅ እውነቱን ይናገራል፤ ውሃው ፈሶ ካለቀ ግን በአየርና በእንፋሎት መካከል ስለሚቀር፣ ሞተሩ እየተቃጠለ መርፌው እንደተለመደው መሐል ላይ ሊቆም ወይም እንዲያውም ሊወርድ ይችላል። እኔ በአንድ ረጅም ዳገት ላይ የታችኛው ማኒኮቶ ማሰሪያ ላልቶ ውሃው ሲፈስ፣ መርፌው ንቅንቅ ሳይል ፊሽካዋ ጮኸች። ወዲያው ቆሜ ሞተሩን አጠፋሁ፤ ቀዝቅዞ ውሃ ሲሞላለት ያለ ጉዳት ጉዞውን ቀጠለ። ከገዛኋቸው ዕቃዎች ሁሉ ርካሽ ከሚባሉት አንዷ ብትሆንም፣ ሞተሩን ያተረፈችው እሷ ናት።

ስለ ዝገት የምለው ብዙ ነው፤ ነገር ግን ምሬቴን ቀንሼ አቀርበዋለሁ። በዚህ መኪና ላይ በቅድሚያ መፈተሽ ያለባቸው የፊት መስታወቱ የታችኛው ጠርዝ፣ የጣሪያው አሸንዳ፣ የኋላ ጎማዎቹ ጉያና የተንሸራታቹ በር የታችኛው ሐዲድ ናቸው። መጀመሪያ የወሰድኩበት ጋራዥ የጎማውን ጉያ በስቱኮ ደፍኖ፣ ቀለም ቀብቶ፣ እያብለጨለጨ አስረከበኝ። አንድ የዝናብ ወቅት ሲያልፍ ቀለሙ አበጠ፤ በጣቴ ስጫነውም ጣቴ ወደ ውስጥ ገባ። በሁለተኛው ጊዜ ሌላ በያጅ የበሰበሰውን ላሜራ ጤነኛ ብረት እስኪያገኝ ድረስ ቆርጦ በአዲስ ላሜራ በየደው፤ ይህ ሥራ እስከ ዛሬ ይዟል። ከዚያን ጊዜ ወዲህ አሮጌ መኪና ለማየት ስሄድ ትንሽ ማግኔት በጨርቅ ጠቅልዬ እይዛለሁ፤ ወፍራም ስቱኮ ማግኔት ስለማይዝ ውሸቱ ወዲያው ይጋለጣል።

ዝገት ለዋጭ የሚባለው ፈሳሽ በብዛት ታኒክ ወይም ፎስፎሪክ አሲድ ያለበት ሲሆን፣ የብረቱን ዝገት ወደ ጠቆረና ወደረጋ ሽፋን ይለውጠዋል። እውነት ይሠራል፤ የሚሠራው ግን ልቅ ዝገቱ በሽቦ ብሩሽ ተፍቆ በቀረው ስስ ዝገት ላይ ብቻ ነው። በቅርፊት ላይ የሚቀባ ሰው የሚያጠቁረው ቅርፊቱን ነው፤ ከሥሩ ያለው ብረት መበላቱን ይቀጥላል። ብሩሽ ወደማይደርስበት የቻሲው ክፍት ሆድ ውስጥ በቀጭን ቱቦ የሚረጨው ሰም መሰል ቅባት ደግሞ ለእኔ ከለዋጩ ይበልጥብኛል፤ በየስፌቱ እየሰረገ ውሃውን ስለሚያስወጣ፣ በየሁለት ዓመቱም ያለ ምንም መፍታት ሊደገም ስለሚችል።

በባሌስትራ (ክብደቱን በሚሸከሙት ተደራራቢ የብረት ቅጠሎች) እና በፍሬን ላይ የሠራሁት ስህተት ከአልጋው ይብሳል፤ አደጋ ነበረውና። የመኪናው የኋላ ክፍል በክብደት ዝቅ ስላለብኝ አንድ ተጨማሪ ቅጠል አስጨመርኩ፤ መኪናው ቀና አለ፣ መንገድ ላይም አልተወዛወዘም። ነገር ግን ቁልቁለት ላይ ፍሬን ይዞ ለመቆም የሚወስድበት ርቀት እየረዘመ፣ የፊት ሸራዎቹም ያለ ጊዜያቸው እያለቁ መጡ። ምክንያቱ ከኋላው አክሰል አጠገብ ያለው፣ በጭነቱ ልክ የኋላ ፍሬኑን ግፊት የሚመጥነው ቫልቭ ነበር። ይህ ቫልቭ ከአክሰሉ ጋር በዘንግ የተያያዘ ሲሆን፣ መኪናው ከኋላ ዝቅ ሲል ጭነት እንዳለ ቆጥሮ ግፊት ይጨምራል፤ ከፍ ሲል ደግሞ ባዶ እንደሆነ ቆጥሮ የኋላ ጎማዎቹ እንዳይታሰሩ ግፊቱን ይቀንሳል። አዲሱ ቅጠል የኋላውን ስላነሳው፣ ቫልቩ የተጫነውን መኪና ባዶ ነው ብሎ አምኖ ነበር። የግፊት መለኪያ ያለው መካኒክ ዘንጉን እንደገና ሲያስተካክለው ችግሩ ጠፋ። ባሌስትራ የሚያስጨምር ሰው ይህን ካላስተካከለ ሥራው አልተጠናቀቀም፤ እኔን ግን ቅጠሉን የጨመሩልኝ ሰዎች አንድም ቃል አልነገሩኝም። የፍሬን ዘይትም በየሁለት ዓመቱ ይቀየር፦ ዶት 4 የተባለው የፍሬን ዘይት ዓይነት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ ይቋቋማል፤ ከአየር እርጥበት ሲጠጣ ግን ይህ ወሰን እስከ 155 ሊወርድ ይችላል። ረጅም ቁልቁለት ላይ የሁለቱ ልዩነት ፔዳሉ ወለል መንካቱና አለመንካቱ ነው።

ለመብራትና ለማቀዝቀዣ 100 አምፒር ሰዓት የሚይዝ ሊቲየም አይረን ፎስፌት ባትሪ አስገብቻለሁ። ክብደቱ 12 ኪሎ ገደማ ነው፤ ተመሳሳይ መጠን ያለው የእርሳስ ባትሪ ከእጥፍ በላይ ይመዝናል፤ የእርሳሱ ዕድሜ እንዳያጥርም ኃይሉ ከግማሽ በታች ባይወርድ ይመረጣል። የሊቲየሙ ደካማ ጎን ከዜሮ ዲግሪ በታች መሞላት የሌለበት መሆኑ ነው። መጀመሪያ ከሞተሩ ባትሪ ጋር ያገናኘሁት በተራ ሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያና ማጥፊያ) ሲሆን፣ ሊቲየሙ የሚሰጠውን ሁሉ ያለ ገደብ ስለሚስብ ባትሪውን የሚሞላው አሮጌው ዲናሞ እጅ የማያስነካ ሙቀት ላይ ደረሰ። አሁን በመካከላቸው ባለ 30 አምፒር ቻርጀር አለ፤ ከዲናሞው የሚሳበውን መጠን ይገድባል፣ ቮልቴጁንም ለባትሪው በሚስማማ መልኩ ያወጣል። ገመዶቹ በሙሉ ክዳኑ በእጅ በሚከፈት የፕላስቲክ ቦይ ውስጥ ይሄዳሉ፤ ዋናዎቹ ፊውዞችም ከባትሪው አጠገብ ናቸው። ከፊውዙ በፊት ያለ ገመድ ብረት ቢነካ የሚያቆመው ነገር ስለሌለ፣ ያ ቁራጭ የቻለውን ያህል ማጠር አለበት።

ሙቀትና ድምፅ ለመቀነስ ግድግዳውን ውሃ በማይመጥ ስስ የፎም ንጣፍ ሸፍኜአለሁ፤ ውጤቱ ደህና የሚባል ነው። የሚረጨውን ፎም ሆን ብዬ ተውኩት፤ የላሜራውን ባዶ ቦታ ሞልቶ የውሃ መውጫ ቀዳዳዎቹን ይደፍናል፣ ዝገቱን ይደብቃል፣ በኋላ ብየዳ ሲያስፈልግም እሳት የሚይዘው እሱ ነው። በሞተሩ ክዳን ላይ የለጠፍኩት ሙቀት ተከላካይ ንጣፍ ግን ከምጠብቀው በላይ ጠቅሞኛል፦ ቀኑን ሙሉ ነድቼ ስወርድ እግሬ ሥር የነበረው ግለት የለም። የመጀመሪያውን ንጣፍ የክዳኑን መጋጠሚያ አልፎ እንዲሄድ ስለለጠፍኩት መካኒኩ በምላጭ ቀደደው፤ ሁለተኛው በክዳኑ ልክ የተቆረጠ ነው። ውስጥ ለሚያበስል ሰው የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ የግድ ነው፤ የማብሰያ ጋዝ ሲሊንደር ከተቀመጠም ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ መውጫ ቀዳዳው ከወለሉ ጋር እኩል መሆን አለበት።

በጠቅላላ ሲታይ መኪናውን ለትዕግሥተኛ ሹፌር እመክራለሁ፤ ቶሎ መድረስ ለሚፈልግ፣ በሞተር ድምፅ ለሚበሳጭ ወይም ዝገት ለማሳደድ ጊዜ ለሌለው አልመክርም። ከተጨመሩት ዕቃዎች ማስጠንቀቂያዋን፣ ቻርጀሩንና የሞተር ክዳኑን ንጣፍ ነገ ሌላ መኪና ብገዛ በመጀመሪያው ሳምንት አስገጥማቸዋለሁ። የውሃ ታንከሩን ግን በግማሹ አሳንሰዋለሁ፤ 80 ሊትር ውሃ 80 ኪሎ ነው፣ ያን ተጨማሪ የባሌስትራ ቅጠል ያስገዛኝም በአብዛኛው እሱ ነበር።