የኮሪያው የፊት ማስክና የኔ ጥፋት

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ከገባሁ ወዲህ ፊቴ በአቧራና በነፋስ አለቀ። ታች ካለችው የኮስሞቲክስ ሱቅ አንድ የኮሪያ ሺት ማስክ (ፈሳሽ ውስጥ የተነከረ፣ ፊት ላይ የሚለጠፍ ስስ ጨርቅ) ገዛሁ። መመሪያው በኮሪያኛ ብቻ ነው። ልጅቷን ብጠይቃት «ለጥፈሽበት ተኚ» አለችኝ። ተኛሁ። ጠዋት ማስኩ ትራሴ ላይ ደርቋል፣ ፊቴም አብሮት። ለካ ሳይደርቅ መነሳት አለበት!

ሁለተኛውን በወጉ ሞከርኩት። ፊቴን ታጠብኩ፣ ቶነር (ከታጠቡ በኋላ የሚቀባ ቀጭን ፈሳሽ) ቀባሁ፣ ማስኩን 20 ደቂቃ ብቻ አቆየሁት። ገና እርጥብ እያለ አነሳሁት። የተረፈውን ፈሳሽ በጣቴ መታ መታ አድርጌ አሰረግኩት እንጂ አልታጠብኩም። ከላዩ ክሬም። ክሬሙ ከተዘለለ ልፋቱ ከንቱ ነው፣ በተለይ በጥቅምት ነፋስ። ከረጢቱ ውስጥ የቀረው ለአንገቴና ለእጄ ተረፈ። በሳምንት ሁለቴ ይበቃኛል።

ቅሬታም አለኝ። ልኩ ሰፊ ነው፣ የዓይኑ ቀዳዳ ግንባሬ ላይ ይወጣል። ሽቶውም ይበዛል። ቆዳችሁ ቁጡ ከሆነ መጀመሪያ ክንዳችሁ ላይ ሞክሩት። ማዲያት ያጠፋል ቢሏችሁ አትመኑ፤ ያረጥባል፣ ያ ነው ሥራው። ስትገዙ የሚያበቃበትን ቀን እዩ። ኮሪያዎች ቀን ሲጽፉ ከዓመቱ ነው የሚጀምሩት፣ ከዚያ ወር፣ ከዚያ ቀን። እኔ ገልብጬ አንብቤ አንዱን ደህና ማስክ ልጥለው ነበር።