«ጆሮ ደግፍ» ከሚለው ካርድ እስከ ኬ11.3፦ የአይሲዲ-10 የድረ ገጽ መፈለጊያ በአንድ በሽታ ሲፈተሽ

አይሲዲ-10 ለየበሽታው በፊደልና በቁጥር ኮድ የሚሰጥ የዓለም ጤና ድርጅት ዝርዝር ነው፤ የድረ ገጽ መፈለጊያው በነፃ ነው፤ አካውንት ክፈቱ አይልም፣ በስልክም ይሠራል። ደብረ ብርሃን፣ ሸዋሮቢት ወይም መሐል ሜዳ ካርድ ክፍል ውስጥ ለተቀመጠ የጤና መረጃ ባለሙያ የዝርዝሩን ሦስት የታተሙ ጥራዞች ከማገላበጥ ይገላግላል። እዚህ የተፈተሸው ግን በአንድ ሕመም ብቻ ነው፦ መግል በቋጠረ የምራቅ ዕጢ። መሣሪያው የሚመችበትም ጉድ የሚሠራበትም ቦታ በዚህ ሕመም ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

መንገዱ አጭር ነው። በግራ በኩል ካለው ዝርዝር ምዕራፍ 11ን፣ ቀጥሎ ከኬ00 እስከ ኬ14 ያለውን የአፍ፣ የምራቅ ዕጢና የመንጋጋ ክፍል፣ ከዚያ ኬ11ን መክፈት ነው። ኬ11.2 የምራቅ ዕጢ ብግነት፣ ኬ11.3 መግል የቋጠረ የምራቅ ዕጢ፣ ኬ11.5 የምራቅ ጠጠር ነው። ኬ11.3 የቱ ዕጢ እንደሆነ አይለይም፤ ግራና ቀኝም አያውቅም። የጆሮ ሥሩም የአገጭ ሥሩም አንድ ቁጥር ነው የሚያገኙት።

ወጥመዱ ጎረቤቱ ኬ12.2 ላይ ነው። በዚያ ኮድ ሥር «ሰብማንዲቡላር አብሰስ» (ከአገጭ ሥር የተቋጠረ መግል) የሚል ሐረግ በግልጽ ሰፍሯል፤ ዝቅ ብሎ ደግሞ የምራቅ ዕጢ መግል እዚህ አይገባም፣ ወደ ኬ11.3 ሂዱ ይላል። ሐኪሙ ካርዱ ላይ «ሰብማንዲቡላር አብሰስ» ብሎ ካቆመ፣ ኮድ ሰጪው ኬ12.2 ቢሰጥ አይፈረድበትም። «ግላንድ» (ዕጢ) የምትለዋ አንዲት ቃል ብትጨመር ኖሮ ኬ11.3 ነበር። መፈለጊያው ይህን ልዩነት በቀይ ቀለም አያስጠነቅቅም፤ «አይጨምርም» የሚለውን ማስታወሻ እስከ ታች ያላነበበ ሰው ያልፈዋል። ደግነቱ በማስታወሻው ውስጥ ያሉት ቁጥሮች ሲነኩ ወደ ትክክለኛው ገጽ ይወስዳሉ፤ የመሣሪያው ምርጥ ነገር ይኸው ነው።

ታዲያ ኮዱ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ካርድ ክፍል ሳይደርስ ነው። በሰሜን ሸዋ ገጠር ከጆሮ ሥር ያበጠ ሁሉ «ጆሮ ደግፍ»፣ አንገት ላይ ያበጠ ሁሉ «ንፍፊት» ይባላል። ስሙ ከታማሚው አፍ ቀጥታ ካርዱ ላይ ከተገለበጠ የጆሮ ደግፍ ኮድ የሆነው ቢ26 ይወጣለታል፤ መግል የያዘ ሰው የቫይረስ በሽታ ተቆጠረ ማለት ነው። ጆሮ ደግፍ ብዙውን ጊዜ ልጆችን ይይዛል፣ ብዙ ጊዜም በሁለቱም በኩል ያብጣል፣ ከዕጢው ወደ አፍ ከሚወስደው ቱቦ የሚወጣውም ንጹሕ ምራቅ ነው። በአንድ ወገን ብቻ ያበጠ፣ ቆዳው የቀላ፣ ሲነካ የሚያስጮህ፣ ባለቤቱም ስኳር ያለባቸው ወይም በቅርቡ ቀዶ ሕክምና ያደረጉ አዛውንት ከሆኑ ሐሳቡ ወደ ባክቴሪያ መዞር አለበት። ውሃ ሲጎድል ምራቅ ይቀንሳል፣ ምራቅ ሲቀንስ የአፍ ባክቴሪያ በቱቦው ወደ ኋላ ይወጣል። (በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ የማይቀምሱ እናትና አባት ሲመጡ ይህን መጠየቅ አይከፋም።)

ምርመራው ከጣት ይጀምራል። ጉንጩን ገልጦ ከላይኛው ሁለተኛ መንጋጋ ጥርስ ትይዩ ያለችውን የቱቦ መክፈቻ እያዩ ከጆሮ ሥር ወደ ፊት ማሸት፤ ለአገጭ ሥሩ ዕጢ ደግሞ መክፈቻው ከምላስ ሥር ማሰሪያው ግራና ቀኝ ነው። መግል ጠብ ቢል ባክቴሪያ መኖሩን ያሳያል እንጂ መግል ተቋጥሯል ማለት አይደለም፤ እስከዚህ ድረስ ኮዱ ኬ11.2 ነው። ወደ ኬ11.3 የሚያሻግረው በአልትራሳውንድ የታየ የፈሳሽ ኪስ ወይም በመርፌ የተቀዳ መግል ነው። እብጠቱ እስኪለሰልስ መጠበቅ የተለመደ ስሕተት ነው፦ የጆሮ ሥሩ ዕጢ ሽፋን ጠንካራ ስለሆነ ውስጡ መግል ሞልቶም ከላይ እንደ ድንጋይ ይቆያል። አንቲባዮቲክ ተሰጥቶ በ48 ሰዓት ካልቀነሰ አልትራሳውንድ ይታዘዝ። የፊት ነርቭ በዚሁ ዕጢ ውስጥ ስለሚያልፍ ምላጭ ከመንካቱ በፊት ዓይን መጨፈኑና አፍ አለመጣመሙ ታይቶ ይጻፍ። የተቀዳው መግል ባክቴሪያውን ለሚለዩት የላቦራቶሪ ምርመራዎች፣ ለግራም ስቴይንና ለካልቸር ይሂድ፤ የቆየና ሕመም የሌለው እብጠት ከሆነ ለቲቢም በጂን ኤክስፐርት መሣሪያ ይታይ። የአንገት ንፍፊት (ሊምፍ ኖድ) ቲቢ ኬ11 ውስጥ የለም፤ ኤ18.2 ነው። መነሻው የበሰበሰ ጥርስ ከሆነ ኬ04.7ን፣ መግሉ የፊት ቆዳ ላይ ብቻ ከሆነ ኤል02.0ን ማየት ነው።

ካልቸሩ ስታፍ ኦሪየስ የተባለውን ባክቴሪያ ካሳየ ቢ95.6 ይጨመራል፤ ብቻውን ወይም በዋና በሽታነት ግን አይቆምም። ጠጠር ከተገኘ ኬ11.5 አብሮ ይግባ። አንድ ነገር ብዙዎችን ያስገርማል፦ በድርጅቱ መመሪያ መሠረት ታማሚው እስኪወጣ ሌላ መረጃ ካልመጣ «ይጠረጠራል» ተብሎ የተጻፈ በሽታ እንደተረጋገጠ ተቆጥሮ ኮድ ይሰጠዋል። ከበሽታው ስም ፊት የተሰመረች የጥያቄ ምልክት ሪፖርቱ ላይ አትታይም። አልትራሳውንዱ «የለም» ካለ ሐኪሙ ካርዱን ያስተካክል።

እ.ኤ.አ. ከ2022 መጀመሪያ ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የአይሲዲ-11 ኮድ ማውጫ በፍለጋ ይበልጠዋል። ገና ቃሉ ተጽፎ ሳያልቅ አማራጮች ይደረድራል፣ የምራቅ ዕጢ ሕመሞችን በዲኤ04 ሥር ያስቀምጣል፣ ግራና ቀኝንም በተጨማሪ ኮድ ማያያዝ ይፈቅዳል። በሁለቱም ግን አማርኛ የለም፤ «ጆሮ ደግፍ» ብሎ የጻፈ ባዶ እጁን ይመለሳል። ሪፖርቱ የሚጠየቀው በአይሲዲ-10 ከሆነ ደግሞ የ11ዱን ቁጥር መስጠት ሥራን ሁለት ጊዜ መሥራት ነው።

ለፍለጋ ፍጥነት ከአምስት ሦስት፣ ለማስታወሻዎቹ ጥራት አምስት ይገባዋል። ኔትዎርክ ሲጠፋ ግን ዋጋው ዜሮ ነው። ስለዚህ ኔትዎርክ ባለበት ቀን የኬ11ንና የኬ12.2ን ገጽ ከነማስታወሻቸው አትሞ አንዱን ካርድ ክፍል፣ አንዱን ተመላላሽ ክፍል ጠረጴዛ ላይ መለጠፍ ይበጃል፤ ሁለት ወረቀት ነው።