ለጎልፍ አስተማሪያችን ምስጋና፣ ዱላ ልትገዙ ላሰባችሁም ጥቆማ

ሰላም ለዲሲ፣ ለሜሪላንድና ለቨርጂኒያ ወገኖቼ በሙሉ!

ዛሬ የምጽፈው አንድ ሰው በአደባባይ ለማመስገን ነው። ዲሲ፣ አናኮስቲያ ወንዝ አጠገብ ባለው በላንግስተን የጎልፍ ሜዳ ጀማሪዎችን የሚያስተምሩ አንድ አፍሪካ አሜሪካዊ አዛውንት አሉ። እኔን፣ ባለቤቴንና የሥራ ባልደረቦቼን ዱላ አያያዝ ከማሳየት ጀምረው እዚህ ያደረሱን እሳቸው ናቸው። ሐበሾቹ ተማሪዎቻቸው እርስ በርሳችን «ጋሼ» ስንላቸው ሰምተው ትርጉሙን ጠየቁ፤ ነገርናቸው፣ ደስ አላቸው፣ አሁን ስንደውል «ጋሼ ነኝ» ብለው ነው የሚያነሱት። ስማቸውንና ስልካቸውን እዚህ አልለጥፍም። የፈለገ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ አገናኘዋለሁ።

ይህን ጽሑፍ አሁን ያስነሳኝ በየለቅሶ ቤቱና በየሠርጉ የሚቀርብልኝ ጥያቄ ነው። «ጎልፍ ልጀምር ነው፣ የትኛውን ዱላ ልግዛ?» ይሉኛል። ኧረ ቆይ! ዱላው ይደርሳል። መጀመሪያ የሚያስተምር ሰው ፈልጉ። የታወቀ ብራንድ ያለው አዲስ ድራይቨር (ኳሱን ሩቅ ለመምታት የሚያገለግለው ረጅሙ ዱላ) ዛሬ 600 ዶላር አካባቢ ነው፤ ሙሉ የአይረን ስብስብ (ለመካከለኛና ለአጭር ርቀት የሚሆኑት ቁጥር ያላቸው ዱላዎች) ደግሞ በቀላሉ ሺህ ዶላር ያልፋል። ለድራይቨሩ ብቻ የምታወጡት ገንዘብ ጋሼ ዘንድ ከአንድ ወር በላይ ያስተምራችኋል። ያኔ የተማራችሁት ነገር ደግሞ የተበደራችሁትን ዱላ ስትይዙም፣ ከዓመታት በኋላ አዲስ ስትገዙም አብሯችሁ ይኖራል።

ይህን በዓይኔ ያየሁበትን ልንገራችሁ። አንድ ጓደኛችን አዲስ ድራይቨር ይዞ መጣ። ጥሩ ዕቃ ነው፣ ምንም አይወጣለትም። ግን ኳሱ ተነስቶ መሃል አየር ላይ ወደ ቀኝ ይታጠፍና አጥሩ ጋ ይወድቃል። ጋሼ ምንም ሳይናገሩ ከቦርሳቸው ከፋርማሲ የሚገዛውን የእግር ፓውደር ስፕሬይ አወጡና የድራይቨሩን ፊት፣ ማለትም ኳሱን የሚመታውን ጎን፣ ነጭ አድርገው ቀቡት። «ምታ» አሉት። ሲመታ ኳሱ ያረፈበት ቦታ ነጩ ላይ ክብ ምልክት ትቶ ይሄዳል። አንዱ ጫፉ ላይ፣ አንዱ ዘንጉ ከጭንቅላቱ ጋር በሚገናኝበት በኩል፣ አንዱ ታች ከንፈሩ ላይ አረፈ። ቀጥለው የራሳቸውን ቀለሙ የለቀቀ የድሮ ድራይቨር ሰጡት፣ እሱንም ቀቡት። ምልክቶቹ እንደዚያው ተበታተኑ። ኳሱም እንደዚያው ወደ ቀኝ ታጠፈ።

ከዚያ በኋላ የነኩት ግራ እጁን ብቻ ነው። ጓደኛችን ቀኝ እጁ ነው የሚቀናው፤ ከላይ የሚይዘው ግራ እጁ ግን ከዱላው ሥር ገብቶ ነበር። ወደ ታች ሲያይ ሁለት የጣት አንጓዎቹ እንዲታዩት አድርገው እጁን አዞሩለት። አውራ ጣትና ሌባ ጣት ሲገጥሙ የሚሠሩት መስመር ወደ ቀኝ ትከሻው እንዲያመለክት አደረጉ። ጠዋቱ ሳያልቅ የኳሱ መታጠፍ ቀነሰ፣ ምልክቶቹም ወደ መሃል መሰብሰብ ጀመሩ። መታጠፉ ጨርሶ ጠፋ አልልም፤ ለዚያ ሌላ ሥራ ነበረበት። ግን ምኑ ላይ እንደሚሠራ ከዚያ ቀን ጀምሮ ያውቃል።

ምክንያቱን ሲያስረዱን እንዲህ ነው። ኳሱ የሚነሳበትን አቅጣጫ በአብዛኛው የሚወስነው ዱላው ኳሱን በሚነካባት ቅጽበት ፊቱ ወዴት እንደሚያይ ነው። አየር ላይ የሚታጠፈው ደግሞ የዱላው ፊትና ዱላው የሚጓዝበት መንገድ ሳይገጣጠሙ ሲቀሩ ነው። ለቀኝ እጅ ተጫዋች ፊቱ ከመንገዱ ይልቅ ወደ ቀኝ ከተከፈተ ኳሱ አየር ላይ ወደ ቀኝ ይታጠፋል። ፊቱንም መንገዱንም የሚቆጣጠሩት እጅና ሰውነት ናቸው። ፋብሪካው ከመሃል ውጪ ስትመቱ የምታጡትን ርቀት መቀነስ ይችላል፣ ይህ እውነት ነው። እጃችሁን ማዞር ግን አይችልም።

አስተማሪ ብዙ ነው፤ እኚህን የምጠቁምበት ዋናው ምክንያት የሚያስተምሩበት ቅደም ተከተል ነው። ድራይቨር መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። መጀመሪያ ቀዳዳው አጠገብ ያቆሟችኋል፣ በፓተር (ኳሱን መሬት ለመሬት ወደ ቀዳዳው በሚያንከባልለው ዱላ) ከአንድ እርምጃ ርቀት። ቀዳዳው 108 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው፣ ኳሱ ከ42 ሚሊ ሜትር ትንሽ ይበልጣል፤ ከቅርብ ሲታይ ቀላል ይመስላል። ከዚያ ሁለት እርምጃ፣ ሦስት እርምጃ፣ ከዚያ ቀዳዳው ካለበት አረንጓዴ ሳር ዳር በአጭር ምት፣ ከዚያ በሰቨን አይረን (ሰባት ቁጥር አይረን) ግማሽ ስዊንግ፣ ማለትም ዱላውን በግማሽ ብቻ ወዝውዞ መምታት። ልክ ናቸው። በ72 ምት ይጠናቀቃል ተብሎ በተሠራ ሜዳ ላይ ከ18ቱ ቀዳዳዎች ለእያንዳንዱ ሁለት የፓተር ምት ይታሰባል፤ 36ቱ፣ ማለትም ግማሹ፣ እዚያው ቀዳዳው ያለበት አረንጓዴ ሳር ላይ የሚያልቅ ነው። ርቆ የሚሄደውን ብቻ ለመምታት ሲታገል የከረመ ጀማሪ ሜዳ ሲገባ የሚያለቅሰው እዚያ ነው።

ዱላ ጨምድዶ መያዝ የብዙዎቻችን ችግር ነው። ክንድ ይደርቃል፣ ትከሻ ይነሳል፣ ስዊንጉ በመሃል ይቆረጣል። ባለቤቴን እንዴት እንደያዘች ሲጠይቋት «ለእንግዳ የሞላ ሲኒ እንደማቀብል» አለቻቸው፤ እንዳይወድቅ ጠበቅ፣ እንዳይፈስ ለስለስ። ጋሼ ይህን ወደዱት፣ ለሌሎቹም ተማሪዎች ይነግሩታል። የቤት ሥራ ይሰጣሉ፤ ቤት ውስጥ ዱላ ይዞ መልቀቅ፣ ይዞ መልቀቅ፣ ያለ ኳስ። አሰልቺ ነው፣ ግን ይሠራል።

አሁን ስለ ዱላ። ጋሼ ዕቃ አይጠሉም፣ ዱላ ለውጥ የሚያመጣባቸውን ሁኔታዎችም ለይተው ይነግሯችኋል። ባለቤቴ አጠር ያለች ናት፤ ከወንድሟ የወሰደችው የዱላ ስብስብ ለረጅም ወንድ የተሠራ፣ ዘንጉም ጠንካራ ነበር። ገና ቆማ ስትይዘው አዩና «ይህ ያንቺ አይደለም» አሏት። ረጅም ዱላ ቀጥ ብላችሁ እንድትቆሙ ያስገድዳል፤ በጣም ጠንካራ ዘንግም በዝግታ ለሚወዘውዝ ሰው ኳሱን ማንሳት ያስቸግራል። እዚህ ላይ ትምህርት ብቻውን አይበቃም። በዕረፍት ቀናቸው ያገለገለ ዕቃ ወደሚሸጥበት ሱቅ አብረዋት ሄዱ፣ ለመሄጃቸው ሳንቲም አልተቀበሉም። የገዛችው አምስት ዱላ ብቻ ነው፦ ሃይብሪድ (ለረጅም ምት ለጀማሪ የሚቀል)፣ ሰቨን አይረን፣ ናይን አይረን፣ ሳንድ ዌጅ (ኳስ ከአሸዋ ለማውጣት የሚሆን) እና ፓተር። ሕጉ እስከ 14 ዱላ መያዝ ይፈቅዳል እንጂ 14 ያዙ አይልም።

ያገለገለ ስትገዙ እሳቸው የሚያዩትን እዩ። መጀመሪያ እጀታውን፤ ላስቲኩ ደርቆ የሚያንሸራትት ከሆነ ዱላውን ጨምድዳችሁ እንድትይዙ ያደርጋችኋል። ማስቀየሩ ውድ አይደለም፣ ስለዚህ ለዚያ ብላችሁ ጥሩ ዱላ አትተዉ። ዘንጉ የዛገ ወይም የተጣመመ ከሆነ ግን ተዉት። አይረን ከሆነ ጀርባው ጎድጎድ ያለውን ምረጡ፤ ክብደቱ ወደ ዳር ዳር ስለተከፋፈለ ከመሃል ውጪ ስትመቱም ብዙ አይቀጣችሁም። ጀርባው ስስና ድፍን የሆነው ሲያዩት ያምራል፣ ግን ምቱ ለተስተካከለ ሰው ነው። ለልጆቻችሁ ደግሞ የአዋቂ ዱላ አስቆርጣችሁ አትስጡ። ቢያጥርም ጭንቅላቱ ለእነሱ ከባድ ነው፣ ዘንጉም ደረቅ ነው፤ ሲታገሉት መጥፎ ልማድ ይይዛሉ።

በልክ ማሠራትን በተመለከተ የነገሩኝ በጣም ይገባኛል። ተለክቶ የተሠራ ዱላ ጥሩ ነገር ነው፤ ግን ልኩ የሚወሰደው ከስዊንጋችሁ ነው። ጀማሪ ስዊንጉ በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ ዛሬ የተለካው ከሦስት ወር በኋላ ላይሆነው ይችላል። ምታችሁ መደጋገም ሲጀምር ራሳቸው «አሁን ሂድና ተለካ» ይላሉ። ለእኔ ባለፈው የበልግ ወራት ብለውኛል፣ ሄጃለሁ፣ ጥቅሙንም አይቻለሁ።

«ቪዲዮ እያየሁ እማራለሁ» የሚሉኝም አሉ። ቪዲዮ አልነቅፍም፣ እኔም አያለሁ። ነገር ግን እናንተ ቪዲዮውን ታዩታላችሁ እንጂ ቪዲዮው እናንተን አያያችሁም። ግራ እጁ ከዱላው ሥር እንደገባ ለጓደኛችን ማን ይነግረው ነበር? ዋጋው ከከበዳችሁ ሦስት አራት ሆናችሁ ኑ፣ በቡድን ያስተምራሉ፣ ክፍያውን ትከፋፈላላችሁ።

ስለ ሜዳውም አንድ ነገር ሳልል አላልፍም፤ ጋሼም ለአዲስ ተማሪ ሁሉ ይናገሩታልና። ላንግስተን የተከፈተው በፈረንጆች 1939 ነው። ያኔ በዋና ከተማዋ ጥቁር ጎልፈኞች እንደ ነጮቹ በፈለጉበት የሕዝብ ሜዳ መጫወት አይችሉም ነበር። ለዚህ ሜዳ መከፈት ከታገሉት መካከል በ1937 የተቋቋመው የጥቁር ሴቶች የጎልፍ ማኅበር ዌክ ሮቢን ይገኝበታል። ሜዳው የተሰየመው ከቨርጂኒያ ለኮንግረስ በተመረጡት የመጀመሪያው ጥቁር በጆን ሜርሰር ላንግስተን ስም ነው። በ1975 «ማስተርስ» በተባለው ታላቅ የጎልፍ ውድድር ላይ በመጫወት የመጀመሪያው ጥቁር የሆነው ሊ ኤልደርም በአንድ ወቅት ይህን ሜዳ ከባለቤቱ ጋር ያስተዳድር ነበር። እኛ ከሩቅ የመጣን ሰዎች ዛሬ ማንም ሳይጠይቀን ከፍለን የምንገባው እነዚያ ሰዎች ስለደከሙ ነው። ባለቤቴ የዌክ ሮቢንን ሴቶች ታሪክ ከሰማች ወዲህ ሌሎች የሐበሻ ሴቶችን እየጠራች ታመጣለች።

ጋሼ፣ አማርኛ እንደማያነቡ አውቃለሁ፣ ቃል በቃል ተርጉሜ አነብልዎታለሁ። እግዚአብሔር ይስጥልን። ዕድሜና ጤና ያብዛልዎት። ምንም ዱላ ሳይሸጡልን፣ ምንም ነገር ግዙ ሳይሉን አስተማሩን።

መምጣት ለምታስቡ፦ የሚያስተምሩት በማለዳ ነው፣ ከሰዓት በኋላ አይቀበሉም። ዝናብ ከጣለ ይሰርዛሉ፣ ቀድመው ይደውላሉ። ስዊንግ በስልክ ቀርጾ በኮምፒውተር የሚተነትን ሰው የምትፈልጉ ከሆነ እሳቸው አይደሉም፤ በዓይናቸውና በእጃቸው ነው የሚሠሩት። የራሳችሁ ዱላ ባይኖራችሁ ያበድሯችኋል። ጠፍጣፋ ጫማና ውሃ ይዛችሁ ኑ። ለቅዳሜ የጀማሪዎች ቡድን አሁን ቦታ አላቸው፣ የፈለጋችሁ እስከ ሐሙስ ድረስ ጻፉልኝ።