ጠባሳዬን አይታ ለጠየቀችኝ ሲስተር

ሰላም ለሁላችሁ፤ በተለይ ደብረ ማርቆስና አካባቢዋ ላላችሁ። ይህን ምስጋናና ጥቆማ ለመጻፍ ብዙ ጊዜ አስቤ ተውኩት። ያዘገየኝ ኀፍረት ነው። አሁን ግን ሁለተኛው የጨጓራ ኦፕራሲዮን ከተሠራልኝ ሦስት ዓመት ሞላኝ። ሥራ እገባለሁ፣ ገበያ እወጣለሁ፣ ልጆቼን ትምህርት ቤት አደርሳለሁ። እግዚአብሔር ይመስገን፤ ከእሱ ቀጥሎ ለዚህ ያበቃችኝ አንዲት ነርስ ናት። ስሟን እንዳልጠራ ስለለመነችኝ አልጽፈውም። ሲስተር እላታለሁ፤ ድሮም የምጠራት እንደዚያው ነው።

ጥር 2014 ዓ.ም ላይ ውጭ ሀገር ሄጄ ክብደት የሚቀንሰውን የጨጓራ ኦፕራሲዮን ተሠራሁ። 118 ኪሎ ነበርኩ። ስኳር ነበረብኝ፤ ጉልበቴም ደረጃ አላስወጣ ብሎኝ ነበር። የተሠራልኝ ስሊቭ የሚሉት ነው። ከጨጓራ ሦስት አራተኛው ወይም ትንሽ በለጥ ያለው ተቆርጦ ይወጣል። የሚቀረው እንደ ሙዝ የቀጠነ ቱቦ ነው። ጉዞውን ያመቻቸልኝ ደላላ ቶሎ ጨርሰሽ ትመለሻለሽ አለኝ፤ እውነትም ቶሎ ተመለስኩ። በእጄ የነበረው ግን የመድኃኒት ከረጢትና አንድ ገጽ የምግብ ዝርዝር ብቻ ነው። ምን እንደተሠራልኝ የሚናገር ወረቀት አልሰጡኝም። እኔም አልጠየቅኩም።

የነገርኩት ለባለቤቴና ለእናቴ ብቻ ነው። እኛ ጋ መወፈር የምቾት ምልክት ነው። “ወፈርሽ፣ አማረብሽ” ብሎ ለሚመርቅ ሰው፣ ለመክሳት ብዬ ጨጓራዬን አስቆረጥኩ ማለት ከበደኝ።

በስድስተኛው ሳምንት ላይ ያስመልሰኝ ጀመር። መጀመሪያ ሽሮው፣ ቀጥሎ አጥሚቱ፣ በኋላ ውሃውም እምቢ አለ። ሁዳዴ ስለነበር ጎረቤቱ ሁሉ “ጾሙ ጎድቷት ነው” ይላል። ወደ ተሠራሁበት ቦታ ስደውል “ይለመዳል፣ ታገሺ” አሉኝ። እዚህ አንድ ክሊኒክ ሦስት ጊዜ ተመላልሼ የጨጓራ መድኃኒት ሰጡኝ። ኦፕራሲዮን መሆኔን ሦስቱንም ጊዜ ደብቄያቸዋለሁ።

መጋቢት አጋማሽ ላይ እግሬ መደንዘዝ ጀመረ። አንድ ቀን ነጠላ ጫማዬ ከእግሬ ወልቆ መንገድ ላይ ቀርቷል፤ ሳላውቀው እስከ ሱቁ ድረስ ሄጃለሁ። ከዚያ አንዱ ሰው ሁለት ሆኖ ይታየኝ ጀመር። የልጄን ስም ተሳስቼ ስጠራ እናቴ ደነገጠች። ጸበል ወሰደችኝ፤ የጠጣሁትን ሁሉ አስመለስኩት። በማግስቱ በሰው ትከሻ ተደግፌ ሆስፒታል ገባሁ።

ከሲስተር ጋር የተገናኘነው የዚያን ቀን ነው። ግሉኮስ ተሰቅሎልኛል። ልብሴ በትውከት ስለተበላሸ ልትቀይርልኝ መጣች። ስትገልጠኝ ሆዴ ላይ ያሉትን አምስት ትንንሽ ጠባሳዎች አየች። ምንም አላለችም። መጀመሪያ መጋረጃውን ሳበችው። ከዚያ ጎንበስ ብላ በጆሮዬ፣ “እታለም፣ ይሄ የሐሞት ነው ወይስ የጨጓራ?” አለችኝ።

“የጨጓራ” አልኳት።

“ለመክሳት?”

“አዎ።”

“ምግብ እምቢ ካለሽ ስንት ጊዜ ሆነሽ?”

“አንድ ወር ሊሆነኝ ነው።”

“እግርሽስ?”

ስለ እግሬ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም ነበር። ማልቀስ ጀመርኩ። “ደግ አደረግሽ ነገርሽኝ” ብላ እጄን ያዘችኝ። በሌላ እጇ የግሉኮሱን መቆጣጠሪያ በአውራ ጣቷ ገፋ አድርጋ ዘጋችው። ኮሪደሩ ላይ ድምፅዋ ይሰማኛል፦ “ዶክተር፣ ቢ ዋን ሳትወስድ ስኳር እየገባላት ነው።”

ነገሩን በኋላ አስረድታኛለች፤ ሌላው ሰውም ቢያውቀው ደስ ይለኛል። ቫይታሚን ቢ ዋን ሰውነት ውስጥ ብዙ አይከማችም። ምግብ ካልገባ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ውስጥ ያልቃል። ሰውነት ስኳርን ወደ ጉልበት የሚቀይረው ደግሞ በእሱ ነው። ቫይታሚኑ ባለቀበት ሰው ላይ ስኳር ያለበት ግሉኮስ ብቻውን ሲገባ የቀረችውን ይጨርሳታል። የሚጎዳው አንጎልና ነርቭ ነው። ዓይን ሁለት ያያል፣ እግር ይንገዳገዳል፣ ሐሳብ ይጠፋል። ዶክተሩ ወዲያው መጥቶ አየኝና ቢ ዋኑ በደም ሥሬ ቀድሞ እንዲሰጠኝ አዘዘ። በሁለተኛው ቀን እናቴ አንድ ብቻ ሆና ታየችኝ። እግሬ ግን ወራት ፈጅቷል፤ የግራ እግሬ ጣቶች እስከ ዛሬ ትንሽ ይደነዝዛሉ።

ስወጣ ሲስተር ያለችኝ ግልጽ ነበር። “የሚያስመልስሽ ምክንያት አልተነካም፤ ጨጓራሽ በካሜራ መታየት አለበት።” አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የአባይን በረሃ ወርዶ መውጣት አለ። ለመንገዱ አንድ ሊትር ውሃ በኦ.አር.ኤስ በጥብጣ ሰጠችኝ። ጠርሙሱ ላይ ነጭ ፕላስተር ለጥፋ በየመስመሩ ሰዓት ጽፋበታለች፤ እዚህ ስትደርሺ እዚህ ድረስ ጠጥተሽ፣ እያለች። ደጀን ስንደርስ ሁለተኛው መስመር ላይ ነበርኩ።

በኢንዶስኮፒ ሲታይ የተቀረው ቱቦ መሐሉ ላይ ጠቧል። ሁለት ጊዜ በፊኛ አሰፉልኝ። ማስመለሱ ቀነሰ፤ ሌሊት ሌሊት ግን አሲዱ ጉሮሮዬ ድረስ እየወጣ ተቀምጬ ማደር ሆነ ሥራዬ። በመጨረሻ ሐኪሙ ወደ ባይፓስ እንቀይረው አለኝ፤ ከጨጓራ ትንሽ ከረጢት ብቻ አስቀርቶ በቀጥታ ከአንጀት ጋር የሚያገናኝ ኦፕራሲዮን ነው። ሁለተኛ ኦፕራሲዮን ከመጀመሪያው እንደሚከብድ፣ ቀድሞ የተነካ ሥጋ ስለሆነ ከስፌቱ የመፍሰስና የመድማት አደጋው ከፍ እንደሚል ሳይደብቅ ነገረኝ። የመጀመሪያውን ኦፕራሲዮን ወረቀትም ጠየቀኝ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሲስተር በየቀኑ “ዛሬስ ደወልሽላቸው?” እያለች አስጨንቃ አስጨንቃ ወረቀቱ መጣ። እባካችሁ ውጭ የምትታከሙ ሰዎች፣ ያንን ወረቀት ሳትይዙ አውሮፕላን አትሳፈሩ።

ኅዳር 2015 ዓ.ም ላይ ተሠራሁ። አሁን ጨጓራዬ ግማሽ የቡና ሲኒ የምታህል ከረጢት ናት። ቤት ስገባ ሲስተር ከሥራ መልስ ትመጣ ነበር። አንድ ሲኒ ውሃ ትቀዳልኝና አጠገቤ ትቀመጣለች። ሲኒዋን ለመጨረስ ሩብ ሰዓት ነው የተሰጠኝ። ልጎነጭ ስቸኩል እጄን ያዝ ታደርገዋለች። ሳልጠጣ ስቆይ ደግሞ ሲኒዋን በጣቷ ወደ እኔ ገፋ ታደርጋታለች። ከእናቴ ጋር ስለ ጤፍ ዋጋ እያወሩ፣ ዓይኗ ግን ከሲኒዋ አይነቀልም።

የነቢያት ጾም ገብቶ ነበር። በቀን ቢያንስ 60 ግራም ፕሮቲን ያስፈልግሻል ተብያለሁ፤ በዚያች ከረጢት ይህን ከምስርና ከሽምብራ ብቻ መሙላት ለእኔ አልተቻለም። ሲስተር “የሕክምናውን እኔ እነግርሻለሁ፤ የጾሙን አባን ጠይቂ” አለችኝ። የንስሐ አባቴ መጡ፣ ሰሙኝ፣ እንቁላሉንና ወተቱን እንደ መድኃኒት ውሰጂው ብለው ፈቀዱልኝ። እናቴ ከዚያ በኋላ ነው እፎይ ብላ ያበሰለችልኝ።

በፋሲካ ደግሞ ማር መጣ። የጎጃም ሰው ማር ቀርቦለት እንዴት እምቢ ይላል? ሁለት ማንኪያ በላሁ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ልቤ ደረቴን ሊሰብር ደረሰ፣ ላቤ ተንቆረቆረ። የምሞት መስሎኝ ደወልኩላት። “ምን በላሽ?” አለች። “ማር።” “ጋደም በይ፣ ያልፋል።” አለፈ። ባይፓስ የተሠራ ሰው ጣፋጭ ሲበላ ስኳሩ በአንድ ጊዜ አንጀት ውስጥ ይወርዳል፣ ውሃ ወደዚያ ይስባል፤ ዳምፒንግ ይሉታል።

ቦርሳዬ ውስጥ በእጇ የጻፈችው ካርድ አለ። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን አልወስድም፣ ጨጓራዬን ያቆስላል ይላል። አምና ጥርሴን አሞኝ ፋርማሲ ስሄድ ዳይክሎፌናክ ሊሰጡኝ ሲሉ ካርዱን አሳየኋቸው፤ ፓራሲታሞል ሰጡኝ። አይረንና ካልሲየሜን ሁለት ሰዓት አራርቄ እወስዳለሁ፣ አይረኑን ከቡና ጋር አላገናኝም፣ የቢ 12 መርፌዬን ቀን አላሳልፍም። ኢንተርኔት በጠፋበት ጊዜ እንኳ በስልክ እየደወለች ታስታውሰኝ ነበር። ዛሬ 79 ኪሎ ነኝ።

አሁን ወደ ጥቆማው። ሲስተር መድኃኒት አታዝም፣ ይሄን ተሠሪ ያንን ተዪ ብላም አትወስንም። ከሥራ ሰዓት ውጭ ቤት ድረስ መጥታ ቁስል ታጥባለች፣ ሐኪም ያዘዘውን መርፌ ትወጋለች፣ ከኦፕራሲዮን የወጣን ሰው አበላልና አጠጣጥ ትከታተላለች። ወደ ሐኪም መሄድ ያለበትንም ሳትውል ሳታድር ትልካለች። ክፍያዋን ከራሷ ጋር ተነጋገሩ። ማርቆስና ዙሪያዋ ያላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሷን አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ። ተሠርታችሁ ደብቃችሁ የተቀመጣችሁ ካላችሁም ጻፉልኝ፤ ለማንም አልናገርም። ውሃ እንኳ አልረጋ ካላችሁ፣ ወይ እግራችሁ ከደነዘዘ ግን መልሴን ሳትጠብቁ ዛሬውኑ ሆስፒታል ሂዱ፤ መሠራታችሁንም ንገሯቸው።

ሲስተር፣ ይህን ሳታነቢው እንደማትቀሪ አውቃለሁ። እማዬ “እጇ ይባረክ፣ ከክፉ ይሰውራት” ትላለች። ቅዳሜ ቡና ይፈላል፣ ነይ። ሲኒዋ ያችው ናት።