የአባዬን ትራክተር ላስነሱልን ሰው

ምስጋናዬን ላስቀድም፤ ታሪኩ ረዘም ይላል። ሜሪላንድ ውስጥ አሮጌ የጓሮ ትራክተር የሚጠግኑ፣ መለዋወጫው ከገበያ ከጠፋ ደግሞ ራሳቸው ቆርጠው የሚሠሩ አንድ የድሬዳዋ ሰው አሉ። ዕድሜና ጤና ይስጥልን። ስሜን እንዳትጽፊ ስላሉኝ «ጋሼ» እያልኩ እቀጥላለሁ።

አባዬ ከኢትዮጵያ ከመጣ ሦስት ዓመት ሆነው። አርሲ፣ የመንግሥት እርሻ ላይ ትራክተር ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። እዚህ ግን እኛ ጠዋት ወጥተን ማታ ነው የምንገባው። ልጆቼ አማርኛ ይሰማሉ እንጂ አይመልሱም። እሱ መስኮት ጋ ይቀመጣል። አንድ ቀን ከሥራ ስገባ «ውሻቸው ዛሬ አራት ጊዜ ወጣ» አለኝ። የጎረቤት ውሻ መሆኑ ነው። መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ከዚያ መስኮት ያስነሳው ትራክተሩ ነው። ቤቱን ስንገዛ የቀድሞው ባለቤት ጓሮ ካለው ዕቃ ቤት ውስጥ ጥሎት የሄደ፣ ቢጫና ነጭ ቀለም ያለው፣ ከብ ካዴት የሚባል ትንሽ ትራክተር ነበር። ጎኑ ላይ 122 ይላል። በኋላ እንደተነገረኝ ኢንተርናሽናል ሃርቬስተር የሚባል ኩባንያ በፈረንጅ 1960ዎቹ አጋማሽ ኬንታኪ ውስጥ የሠራው ነው። በዕድሜ ይበልጠኛል ማለት ነው። አባዬ ሳምንት ሙሉ ሲጠርገው፣ ካንዴላ ሲቀይር፣ የቤንዚን ቱቦ ሲያጥብ ከርሞ አስነሳው። «አርሲ የነዳሁት በሬው ነው፤ ይቺ ጥጃዋ ናት» አለ። ስሟ በዚያው ጥጃዋ ሆነ። በሷ ሣሩን አጨደ፣ ጓሮውን አርሶ ጎመን፣ ቃሪያና ጤና አዳም ተከለ። ባለ ውሻው ጎረቤት እንኳ አጥር ጋ መጥቶ በእጅ ምልክት ማውራት ጀመሩ።

ባለፈው ሚያዝያ ጥጃዋ ቆመች። ሞተሯ ይነሳል፣ ግን ንቅንቅ አትልም።

ከዚያ በኋላ ያየነውን አበሳ ልንገራችሁ። አንዱ ቦታ ለማየት ብቻ 95 ዶላር ተቀበሉን። ልጁ ኮፈኑን ከፈተ፣ ስልኩን አየ፣ ኮፈኑን ዘጋ። «ለብረት ሽጡትና አዲስ ግዙ» አለን። አዲሱን የሚሸጡት ደግሞ እነሱው ናቸው! ሁለተኛው ቦታ ሰባት ሳምንት አስቀመጡት። በደወልኩ ቁጥር «ዕቃው መንገድ ላይ ነው»። በመጨረሻ እንደተፈታ፣ ቡሎኖቹን በፌስታል ቋጥረው መለሱልን። ግማሹ ቡሎን የለም። አባዬ የጎደለውን ገዝቶ እንደምንም መልሶ ገጠማት። ከኢንተርኔት ያዘዝኩት ዕቃ ሁለት ጊዜ የሌላ ሞዴል ሆኖ መጣ። ከሁሉም ያንገበገበኝ ግን የገዛ ወገናችን ነው። 200 ዶላር ቀብድ ተቀብሎ ስልክ ማንሳት አቆመ። ስሙን አልጠራም፣ ራሱን ያውቃል።

አባዬ «ተይው በቃ» አለና ወደ መስኮቱ ተመለሰ።

ጋሼን ያገኘኋቸው ለቅሶ ቤት ነው። ንፍሮ እየቆረጠምን ለአንዲት ሴትዮ ሳማርር «የምድር ባቡሩን ሰውዬ አታውቂያቸውም እንዴ?» አለችኝ። በሳምንቱ ጥጃዋን በተከራየነው ተጎታች ጭነን ሄድን።

ጋራዣቸው ውስጥ መኪና የለም። ከእኔ ቁመት የሚረዝም ቶርኖ፣ ማለት የብረት መቅረጫ ማሽን፣ ተጋድሟል። በየት በኩል እንዳስገቡት እግዜር ይወቀው። ድሬዳዋ፣ ምድር ባቡር ወርክሾፕ ውስጥ 19 ዓመት ቶርኖ ላይ ሠርተዋል። ባቡሩ ድሬ የገባው እኮ በፈረንጅ 1902 ነው። «ዕቃውን የሠራው ፋብሪካ ከተዘጋ ስንት ዘመኑ! ባቡሩ ግን ነገ ጠዋት መውጣት አለበት። ታዲያ ማን ይሥራው? እኛው ነና!» ይላሉ። እስከ ዛሬ ሲለኩ ቁጥሩን በፈረንሳይኛ ነው የሚያንሾካሹኩት።

አባዬ ሞተሩን አስነሳ። ጋሼ ጎንበስ ብለው ፍሪሲዮኑን በእጃቸው ጫን፣ ለቀቅ፣ ጫን፣ ለቀቅ አደረጉ። አስጠፉትና ጣታቸውን አንድ ዘንግ ላይ አሳረፉ። «እዚች ጋ ነው አቦ። ሞተሯ ደህና ናት።» ሁለት ደቂቃ አልፈጀም።

ዝርዝሩን እኔን አትጠይቁኝ። የገባኝ ይቺ ትራክተር ጉልበቱን ወደ ኋላ የምትወስደው በቺንጋ ሳይሆን በብረት ዘንግ መሆኑን ነው። የዘንጉ ፒን ተበልቶ ቀዳዳውን አስፍቶታል፣ አዲስ ዘንግ መቆረጥ አለበት። አንድ ነገር ግን በዓይኔ አይቻለሁ። ጋሼ አሮጌውን ዘንግ ፈትተው በጨርቅ ጠረጉትና በካሊፐር ሊለኩ ሲሉ ያረጀውን ቦታ ተዉት። ግራሶ የደረቀበት፣ ብረት ከብረት ያልተፋተገበት፣ አንድ ጣት የማይሞላ ቦታ ፈልገው እሱን ለኩ። «የተበላውን ብለካ የተበላ ነው የምሠራላችሁ» አሉ። ባለ 95 ዶላሩ ልጅ ትዝ አለኝ።

አባዬ «በሉ እርስዎ ይሥሩ፣ እኛ ውጭ እንጠብቃለን» ሲላቸው ተቆጡ። «ምን እርስዎ ትለኛለህ፣ አንተ በለኝ አቦ! ደሞስ ወዴት ነው? ያቺን ቁልፍ አቀብለኝ!» አቀበለ። ቀጥሎ ብርጭቆ ወረቀት ሰጡት፣ የዛገውን ሲፍቅ ዋለ። እኔ መኪና ውስጥ እንቅልፍ ወስዶኝ ስነቃ ሁለቱ ያወራሉ። ስለ ምን? ደርግ ጊዜ ስለነበረው የመለዋወጫ እጥረት! አባዬ እንዲያ ሲስቅ ከሰማሁት ቆይቷል።

በሁለተኛው ቅዳሜ ዘንጉ ገባ። ጋሼ ራሳቸው አልሞከሯትም። «ባለቤቷ ይውጣባት» አሉ። አባዬ ማርሽ አስገባ፣ ፍሪሲዮኑን ቀስ አድርጎ ለቀቀ። ሄደች። ግቢውን ሁለት ዙር ዞሮ፣ እዚያው ቆማ የነበረችበት ቦታ አምጥቶ አቆማት።

አሁን ወደ ሒሳቡ። ጋሼ የካርቶን ቁራጭ ላይ ጻፉ። ብረት 22፣ ኩሽኔታ 18፣ የእጅ 240። ከሥሩ ደግሞ «ረዳት፣ 2 ቀን፣ 80» ይላል። እኔ ደምሬ 360 ቆጠርኩ። 80ውን መለሱልኝ። ከዚያ ከራሳቸው ላይ ሌላ 80 ቆጥረው ለአባዬ ዘረጉለት። አልቀበልም አለ። «ሠርተሃል! እኔ ሰው በነጻ አላሠራም!» ብለው ኪሱ ከተቱት። አባዬ አሜሪካ ከገባ ጀምሮ ሠርቶ ያገኘው የመጀመሪያ ገንዘብ ነው። መንገድ ላይ አንድ ቃል አልተናገረም። ኪሱን ግን ሁለት ጊዜ ሲዳብስ አይቼዋለሁ። ቤት እንደደረስን ለሁለቱ ልጆቼ ሃያ ሃያ ሰጣቸው። ለእኔም ሃያ። «ለቡና» አለኝ።

ስለዚህ እባካችሁ፣ አያታችሁ የሚያህል ማሽን ቆሞባችሁ ለብረት ልትሸጡት የተነሳችሁ፣ መጀመሪያ ጋሼን አማክሩ። የተሰበረውን ዕቃ እንዳትጥሉት፣ ስባሪውንም ይዛችሁ ሂዱ። የሚለኩት ከእሱ ነው። ገበያ ላይ ያለውን «ግዢው፣ እኔ ጋ ይወደድብሻል» ብለው እቅጩን ይነግሯችኋል። ኢንተርናሽናል ሃርቬስተር ከብ ካዴትን በፈረንጅ 1981 ለሌላ ኩባንያ ቢሸጠውም ስሙ ዛሬም አለ፣ አንዳንድ ዕቃ ይገኛል። ኩሽኔታችንን ያገኘነው እንዲያ ነው። ለነገ ይድረስልኝ የምትሉ ግን አትሂዱ፤ ሰውዬው አይቸኩሉም። ያውም ቡና ሳትጠጡ አይለቋችሁም። የእጃቸው ዋጋ እንደሆነ አይታችሁታል። እንደሳቸው ያለ ሰው በሻማ ተፈልጎ አይገኝም፣ ደግሜ እላለሁ፣ አይገኝም።

ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እልክላችኋለሁ። ቅዳሜ ደውላችሁ ሌላ ሽማግሌ ካነሳው ተሳስቻለሁ ብላችሁ እንዳትዘጉት፤ አባዬ ነው።