ለልጆቻችን ልክ የተሰፋ ማርሽ

ድሬዳዋ ውስጥ የትምህርት ቤት ባንድ አሠለጥናለሁ። 18 ልጆች ናቸው፤ 5 ትራምፔት፣ 3 ትሮምቦን፣ 4 ክላርኔት፣ 2 አልቶ ሳክስፎን፣ የቀሩት ከበሮ። እስከ አምና የምንጫወተው ለአዋቂ ባንድ የተጻፈ፣ ኮፒው የደበዘዘ ኖታ ነበር። ከፍ ያለው ቦታ ላይ ሲደርሱ ግማሾቹ ዝም ይላሉ። ዘንድሮ ወላጆች አዋጡና አዲስ ማርሽ፣ ማለትም የሰልፍ ሙዚቃ፣ አስጻፍን።

አቀናባሪው የአዲስ አበባ ሰው ነው። ስሙን ሳላስፈቅደው አልጽፍም። በ25 ሺህ ብር ተስማማን፤ ግማሹ ቅድሚያ፣ ግማሹ ኖታው ሲደርስ። በጥር አዘዝን።

በጣም የወደድኩለት አንድ ነገር አለ። አንዲት ኖታ ሳይጽፍ ልጆቹን ሊሰማ መጣ። ሁለት ቀን ጠዋት ጠዋት ከእኛ ጋር ተቀመጠ። ጠዋት የምንለማመደው ያለ ምክንያት አይደለም። የድሬ ሙቀት ሲበረታ የትንፋሽ መሣሪያዎች ድምፅ ወደ ላይ ይሸሻል፣ መቃኘትም ያስቸግራል። ልጆቹን አንድ በአንድ አስነፋቸው። በመስከረም የጀመረች አንዲት ትራምፔት ነፊ አለችን፤ አምስት ድምፅ ብቻ ነው የምታወጣው። አፍራ ወደኋላ ስትል «ነይ የኔ ልጅ፣ ያለሽን ንፊልኝ» አላት። ደብተሩ ላይ አምስቱንም ጻፈ።

ከሰዓት የቀድሞውን ምድር ባቡር ጣቢያ ልናሳየው ወደ ከዚራ ሰፈር ወሰድነው። ባቡሩ እዚህ የደረሰው በ1902 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከተማችንም ያደገችው በእሱ ዙሪያ ነው። ለልጆቹም ራስ ተፈሪ በ1924 እ.ኤ.አ. ከኢየሩሳሌም ስላስመጧቸው 40 አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች ነገራቸው። የቤተ መንግሥት ባንድ ሆነው ነበር። «አቦ፣ እንደኛ ልጆች?» አለ አንዱ ትሮምቦን ነፊ።

ሥራው አራት ደቂቃ ገደማ ነው። ስኔር ድራሙ (በዱላ የሚመታው ትንሹ ከበሮ) እንደ ባቡር ቀስ ብሎ ይነሳና ይፈጥናል። ዜማው ትዝታ ሜጀር በሚባለው ቅኝት ነው፤ ለጀማሪ ነፊ አንቺሆዬ ከሚባለው ቅኝት ይቀላል። የዚያች ትራምፔት ነፊ ልጅ ፓርት (የእሷ ድርሻ ኖታ) ከአምስቱ ድምፆች አይወጣም። ግን ማሟያ አይደለም። መሀል ላይ ሁሉም ዝም ሲል ረጅሙን የባቡር ጥሪ የምትነፋው እሷ ናት። መጀመሪያ የሰማሁ ቀን እንባዬ መጣ።

ቅሬታም አለኝ። ለመጋቢት መጨረሻ ቃል የገባው ኖታ ሚያዝያ 20 ነው የደረሰው። የወላጆች ቀን ሰኔ ላይ ስለነበር ልምምዱ ተጣበበ። በዚያ ላይ የአልቶ ሳክስፎኑ ፓርት በትራምፔት ቅኝት ልክ ተጽፎ መጣ። ትራምፔት በሲ ቢሞል (B♭)፣ አልቶ በሚ ቢሞል (E♭) የሚቃኙ ስለሆኑና አንድ ዓይነት ኖታ የተለያየ ድምፅ ስለሚሰጣቸው አንድ ላይ ሲነፉ ጆሮ የሚቀድ ነገር ወጣ። ልጆቹ ጥፋቱ የራሳቸው መስሏቸው ደነገጡ፤ ያ አሳዘነኝ። ደውዬ ነገርኩት። ይቅርታ ጠይቆ በማግስቱ የታረመውን በቴሌግራም ላከ፣ ተጨማሪም አልጠየቀም።

ባንድ ያላችሁ መምህራን፣ ማስጻፍ ካሰባችሁ እያንዳንዱ ልጅ ከየት እስከ የት እንደሚነፋ ጽፋችሁ ስጡ። አቀናባሪው መምጣት ካልቻለ ልምምዳችሁን ቀድታችሁ ላኩለት። ሙሉውን ኖታ ብቻ ሳይሆን የእያንዳንዱን መሣሪያ ፓርት ለየብቻ እንዲያስረክብ ውል ላይ አስገቡ። እኛ ለክላርኔቶቹ አጭር ሥራ ደግመን ልናዝዘው ነው። የማስረከቢያውን ቀን ግን ከዝግጅቱ ሦስት ወር አስቀድሜ ነው የምጽፈው።