ለመርሳት ሕመም የሚሸጠው ትልቁ ሰዓት ለሐበሻ እናት ይሆናል?

ከ5 ኮከብ 3 ሰጥቼዋለሁ። ሦስቱም ለስክሪኑ ናቸው።

ዕቃው ሰዓቱን፣ ቀኑንና «ጠዋት» «ማታ» የሚለውን በትልልቁ የሚያሳይ ባለ 8 ኢንች ዲጂታል ሰዓት ነው። በኢንተርኔት በ45 ዶላር ገዛሁት። የምንኖረው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እማዬ 81 ዓመቷ ነው፤ ወደዚህ የመጣችው ካረጀች በኋላ ነው። ሐኪሙ አልዛይመር ነው ካለን ወዲህ ቤታችን ውስጥ ጥያቄው አንድ ሆኗል፤ «ስንት ሰዓት ሆነ? ዛሬ ማን ነው፣ ሚካኤል ነው?»

ከጥሩው ልጀምር። ጥቁር መደብ ላይ ደማቅ ነጭ ቁጥር ነው ያለው። ዕድሜ ሲገፋ የዓይን ሌንስ ወደ ቢጫ ያደላል፣ ብሌንም በጨለማ እንደ ድሮው አይሰፋም፤ ወደ ውስጥ የሚገባው ብርሃን ይቀንሳል፣ ሰማያዊ ነገር ደግሞ ይብሳል። የማይክሮዌቩን ሰማያዊ ቁጥር ማንበብ ካቆመች ቆይታለች። ይሄኛውን ግን አልጋዋ ላይ ተኝታ ያለ መነጽር ታነበዋለች።

የኪኒን ማስታወሻ ጩኸቱ ግን የማይረባ ነው። ቀጭን ሲር ሲር የሚል ድምፅ ነው፤ ሰው ሲያረጅ ጆሮው መጀመሪያ የሚከዳው ደግሞ ቀጭኑን ድምፅ ነው። እኔ ከምድር ቤት እሰማዋለሁ፣ እሷ አጠገቡ ተቀምጣ አትሰማውም። ለሽማግሌ ዕቃ የሚሠራ ሰው ይህን እንዴት ያጣዋል?

ዋናው ጣጣ አቆጣጠሩ ነው። ጠዋት ስክሪኑ 8:00 ሲል እማዬ ዘንድ 8 ሰዓት ምሳ ያለፈበት ነው። «8 ሰዓት ሆኖ ምሳ አይቀርብም እንዴ? ምን ዓይነት ቤት ነው!» ብላ ተነሣች። ረቡዕ ቀን ደግሞ ገና በጠዋቱ 9:00 ስታይ ጾሙ ተፈታላት። «6 ቀንሺበት» ብሎ ማስረዳት ዋጋ የለውም። አልዛይመር ቀድሞ የሚጎዳው አዲስ ነገር የሚመዘገብበትን የአንጎል ክፍል ነው፤ በልጅነቷ የለመደችው አቆጣጠር ግን አሁንም አለ። ስለዚህ መለወጥ ያለበት ሰዓቱ ነው።

በ12 ሰዓት አቆጣጠር አድርጌ 6 ሰዓት ወደ ኋላ መለስኩት። ቁጥሩ ልክ መጣ። ቀኑም የሚቀየረው ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሆነ፣ ልክ እንደኛ ቀን ከንጋት ሲጀምር። ደስታዬ ግን አልቆየም። ፀሐይ ወጥታ ጽሑፉ «ሌሊት» ይላል፣ ያውም በእንግሊዝኛ፤ ካሉት ቋንቋዎች ውስጥ አማርኛ የለም። በራሱ ደብዘዝና ፈካ የሚልበት ነገርም አብሮ ዞረ፤ ሌሊት 7 ሰዓት ድረስ ቦግ ብሎ ያድርና እስከ ቀኑ 7 ሰዓት ይደበዝዛል። እሱን አጠፋሁት፣ ጽሑፉን በጥቁር ፕላስተር ሸፈንኩት። ከጎኑ በእስክሪብቶ «ሐሙስ» ብዬ የጻፍኩት ካርቶን እና የቤተ ክርስቲያኑ ካላንደር ተሰቅለዋል። የ45 ዶላር ሰዓት ግማሹ ፕላስተር ነው።

ያም ሆኖ ጥቅም አልጠፋውም። ድሮ ሌሊት ስትነቃ ነጠላዋን አጣፍታ ኪዳን ልትሄድ በሩ ላይ አገኛት ነበር። አሁን ብዙ ጊዜ ሰዓቱን ታይና መስኮቱ ጨለማ ከሆነ «9 ሰዓት ነው፣ ገና ነው» ብላ ትመለሳለች። አመሻሹ ላይ ግን አይረዳም። ክረምት እዚህ 11 ሰዓት ላይ ይጨልማል፣ ያኔ «ወደ ቤቴ ውሰጂኝ» ይጀመራል። ለዚያ የረዳን ሳይጨልም የሳሎኑን መብራት ሁሉ ማብራት ነው። ደግሞ ለማንኛውም ልንገራችሁ፤ ግራ መጋባቱ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ በድንገት ከባሰ ዕቃ አትፈልጉ፣ ሐኪም ጋ ውሰዱ። በዚህ ዕድሜ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ወይም የውሃ ማነስ ያለ ትኩሳት እንዲያ ያደርጋል፤ ጥሙም ስለሚቀንስ ራሳቸው ውሃ አይጠይቁም።

ሻጩን አማርኛ ጨምሩበት፣ ባይሆን ጽሑፉ የሚጠፋበት አድርጉለት ብዬ ጻፍኩለት። መልስ የለም።

እናት አባታችሁ እዚህ አርጅተው በፈረንጅ ሰዓት የሚኖሩ፣ እንግሊዝኛም የሚያነቡ ከሆነ ግዙት፣ ይሆናቸዋል። እንደ እማዬ አማርኛ ብቻ ለሚያነቡ ግን ወፍራም ቁጥር ያለው ተራ የግድግዳ ሰዓት ገዝታችሁ 6 ሰዓት ወደ ኋላ መልሱት፤ ዋጋውም ግማሽ አይሞላም። ይሄኛውን ካዘዛችሁም የመጣበትን ካርቶን አትጣሉ፣ የመመለሻው ጊዜ ሳያልፍ ሌሊቱንም ቀኑንም ሞክሩት።